200 ካሬ ግቢ ሐዋሳ ውስጥ ቤተሰብ ይመግባል? ከምን እንጀምር?

አዲስ ጎጆ (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከመጣን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ታቦር ተራራ ሥር 200 ካሬ ግቢ አለን፤ ቤቱ 60 ካሬ ያህል ይዟል፣ ከፊት ትንሽ ደጅ፣ ከኋላ ጓሮ። በቤቱ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጄና የ3 ዓመት ሴት ልጄ። ሐሳባችን አትክልቱንና እንቁላሉን ከግቢያችን አግኝተን ገበያ የምንወጣው ለጤፍ፣ ለዘይትና ለሽንኩርት ብቻ እንዲሆን ነበር።

እስካሁን የደረሰብንን ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ቲማቲም ተከልን። ቲማቲሙ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ቅጠሉ ጠቁሮ በሁለት ሳምንት አለቀ። ጎመኑ አልሞተም፣ ግን ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። ጥቅምት ላይ የ45 ቀን ጫጩት 25 ገዛን። ሻጩ «የተከተቡ ናቸው» ብሎን ነበር። በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ጥግ ይዘው ተኮራመቱ፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ያዛቸው፣ ከዚያ አንገታቸው ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። በአራት ቀን ውስጥ 16 ሞቱ። ጠዋት ጠዋት ተነስቶ የሚቆጥራቸው ልጄ ነበር፤ የባሰ ያዘንኩት እሱን ሳይ ነው። 9ኙ ተርፈዋል።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን። ጎረቤታችን የጉድጓድ ውሃ አለው፣ አትክልት እንድናጠጣበት ፈቅዶልናል። ለመጠጥ ግን «ጥርስ ያበልዛል» ብሎ ራሱም አይጠጣውም።

ይህ ግቢ በእርግጥ አምስት ሰው ሊመግብ ይችላል ወይ? ከምን ብንጀምር ይሻለናል? ዶሮ እንደገና እንግዛ ወይስ ይቅርብን? አማቴ ደግሞ እንሰት እንትከል ይላሉ፤ በከተማ ግቢ ይሆናል? በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው ቢመክረን ደስ ይለናል።


የጓሮ እናት (ሐዋሳ፣ ዳቶ)

ልጄ፣ የትንሹን ነገር ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። አይዞህ በለው፤ ዶሮ ገና ይቆጥራል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ዳቶ 250 ካሬ ላይ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከጡረታ ደመወዜ ጋር ቤቱን ያቆመልኝ ይህ ጓሮ ነው። የምነግርህን ሁሉ በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ቁርጡን ላስቀድምልህ። 200 ካሬ እንጀራ አያበላህም። ጤፉም ስንዴውም ዘይቱም ከገበያ ነው፤ ሌላ የሚልህ ሰው ቢኖር አትስማው። ወጡን ግን ያበላሃል። ጎመኑን፣ ቆስጣውን፣ ቃሪያውን፣ ቀይ ሥሩን፣ እንቁላሉን፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን ከደጅህ ትቆርጣለህ። እኔ ጎመን ከገዛሁ ዓመታት አልፈውኛል።

ችግራችሁ ከመጨረሻው መጀመራችሁ ነው። ዶሮ የመጨረሻ ናት። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አፈር፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ከዚያ በኋላ ዶሮ። ዶሮ የምታዋጣው ከጓሮ የሚወጣ ቅጠልና ከማዕድ ቤት የሚወጣ ፍርፋሪ ሲጠብቃት ነው። መኖውን ሁሉ በጆንያ እየገዛህ ካበላሃት እንቁላሏ ከሱቁ እንቁላል አይረክስም።

ውሃውን እንይ። 60 ካሬ ቆርቆሮ ከራስህ በላይ ተዘርግቶ ሳለ ውሃ የለኝም አትበል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ዕለት ጣራህ 1,200 ሊትር ይቀበላል፤ የሚረጨውና የሚፈሰው ተቀንሶ 1,000 ሊትር እጅህ ይገባል። ሐዋሳ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብላታል፣ አብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም መጨረሻ። አሁን ያ ሁሉ ውሃ አጥርህን እየሸረሸረ ወደ መንገድ ነው የሚወርደው። ገንዘብ ካለህ ከዶሮ በፊት አሸንዳና 2,000 ሊትር ሮቶ ግዛ። ከሌለህ እኔ እንደጀመርኩት በሁለት በርሜል ጀምር።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ከበጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ያጥባል፤ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የረገፈ ቅጠል ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው። አሸንዳው ወደ ሮቶው ከመግባቱ በፊት ቲ (ባለ ሦስት አፍ የቱቦ ማያያዣ) አስገባበትና ከሥሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቱቦ ቁልቁል ልቀቅ፣ ጫፉን በክዳን ድፈነው። ቆሻሻው ውሃ ያን ቱቦ ይሞላና ንጹሑ በላዩ አልፎ ወደ ሮቶው ይገባል። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ከፍተህ አፍስሰው። የልጅ ልጄ ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም፤ ዝናብ ሲቆም ሮጦ ነው የሚከፍተው፣ የሚወጣው ውሃ ቡና መስሎ ሲያየው ይገረማል። ሮቶውን ደግሞ ሸፍነው፤ ብርሃን ከገባበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ትንኝም ይፈለፈልበታል።

የዕቃ እጣቢ አትድፋ። የመጀመሪያውን፣ ቅባትና ሳሙና የበዛበትን፣ ለሙዝና ለእንሰት፤ ሁለተኛውን፣ ማለቅለቂያውን፣ ለቃሪያ። ጥሬ ለሚበላ ነገር ለሰላጣ ግን እጣቢ አላጠጣም።

አሁን አፈሩ። ጎመንህ ቢጫ የሆነው ተርቦ ነው። የኛ ሰፈር አፈር አሸዋማ ነው፤ ውሃ ብታፈስበት ያልፋል፣ ፍግ ብታደርግበትም በአንድ ክረምት ይታጠባል። መድኃኒቱ ብስባሽ ነው፣ በየዓመቱ፣ ሳይታክቱ። የኔን አሠራር ልንገርህ። ከአቮካዶው ጥላ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ አለኝ። ከታች የበቆሎ አገዳና ጭራሮ፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ በላዩ የዶሮ ኩስ ወይም እበት፣ ከዚያ አንድ ሁለት እፍኝ አመድና ትንሽ አፈር። እንዲህ እያደረግኩ እስከ ወገቤ አደርሰዋለሁ። ከዚህ ካነሰ አይሞቅም፣ ዝም ብሎ ይደርቃል። ውሃ አርከፍክፌ በሙዝ ቅጠል እሸፍነዋለሁ።

መሃሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክቼ እተዋለሁ። በሳምንቱ ዱላውን እነቅልና የገባውን ጫፍ በመዳፌ እይዘዋለሁ። ሞቆ ረጠብ ካለ፣ እንደ ጤነኛ ሰው እጅ፣ ሥራው እየተሠራ ነው። ሞቆ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመርለታል። ቀዝቅዞ የሚያዳልጥና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ እገለብጠውና ደረቅ ቅጠል እጨምርበታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በወሩ ሌላ ጊዜ እገለብጠዋለሁ። በሐዋሳ ሙቀት ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። ሲደርስ ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ነው፤ እኔ ከሽቶ አስበልጠዋለሁ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን በቀጥታ ከችግኝ ሥር እንዳታደርግ፣ ያቃጥላል።

መደቡን በበጋ ጎድጓዳ አድርገው። ብዙ ሰው ከፍ ያለ መደብ ይሠራና በጥር ውሃው ሁሉ በጎን እየወረደ ያስቸግረዋል። በአሸዋማ መሬት በበጋ አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ መደብ፣ በላዩ ወፍራም የሣር ጉዝጓዝ፣ በሁለት ቀን አንዴ ውሃ። ክረምት ሲገባ ከፍ ታደርገዋለህ። ቲማቲሙም በዝናብ ስለተከላችሁት ነው የጠቆረው። ዘሩን መስከረም ላይ አፍላ፣ ችግኙን ጥቅምት አጋማሽ ላይ አዛውር፣ ፍሬው በደረቁ ወር ይምጣልህ። ስታጠጣም ከሥሩ እንጂ ቅጠሉን አታርስ።

ጎመን 40 እግር ለአምስት ሰው ይበቃል። ከሥር ከሥር ሁለት ሁለት ቅጠል እየቆረጥክ ጫፉን አትንካ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይተካልሃል። ክሽክሽ ከቅጠሉ ጀርባ ሲሰፍር ሳሙና የነካው ውሃ ረጭተህ በማግስቱ አመድ ነስንስበት፤ ቀድመህ ካየኸው ይበቃዋል። ከ40ው ውስጥ ሰፊ ቅጠል ያለውን፣ ዘግይቶ የሚያብበውን ሦስት እግር መርጠህ ቀይ ጨርቅ እሰርበትና ማንም እንዳይቆርጠው። ያ ለዘር ነው። ቅርፊቱ ሲደርቅ ሰፌድ ላይ አሽተህ አንፍስና ትንሽ አመድ ቀላቅለህ በደረቅ ጠርሙስ አስቀምጥ። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ የዘራሁት ከዚያው ከራሴ ጠርሙስ ነው።

ስለ ዶሮው ባለሙያ ቢናገር እመርጣለሁ። የኔን ብቻ ልንገርህ፦ ስድስት ዶሮ ነው ያለኝ፣ የሐበሻና የድቅል። ከስድስት አላሳልፍም፤ ምክንያቱም የቤቴ ፍርፋሪና የጓሮዬ ቅጠል የሚችለው ስድስት ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ጭንቅላቱንና አጥንቱን አመጣለሁ። በደንብ ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ ከፉሩሽካ፣ ከተሰበረ በቆሎና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ትንሽ ነው የማደርገው፤ ከበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። የእንቁላል ቅርፊትም አልጥልም፤ አምሼ፣ አልሜ መልሼ ለነሱ ነው።


ከአዳማ የእንስሳት ጤና

እናታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ብስባሹ ዱላ ያሉትን ለገበሬዎቼ እነግራለሁ።

ወንድሜ፣ የነገርከን ምልክት ፈንግል ይመስላል፤ አረንጓዴ ተቅማጡም የአንገቱ መጠምዘዝም። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። የዶሮዎችን ውሃ ላይ የሚበተን አንቲባዮቲክ ብትገዛ ገንዘብህን ነው የምታጠፋው። ያለው መንገድ ክትባት ነው። የሐበሻ ዶሮ አይዛትም የሚሉ አሉ፤ እኔ መንደር ሙሉ የሐበሻ ዶሮ በአንድ ሳምንት ሲያልቅ አይቻለሁ።

የ45 ቀን ጫጩት ስትገዛ «ተከትቧል» የሚለው ቃል አይበቃህም። ምን ክትባት፣ በስንተኛ ቀን ተሰጠ ብለህ የተጻፈ ጠይቅ። በዚህ ዕድሜ ለፈንግል ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ጫጩት ለሚገድለው ለሌላው በሽታ ለጉምቦሮም መከተብ ነበረባቸው። ክትባቱን በአገራችን የሚያመርተው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው፤ በወረዳና በክፍለ ከተማ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤትና በእንስሳት መድኃኒት ቤት ይገኛል።

ክትባቱ በሙቀት ይበላሻል። ከመድኃኒት ቤቱ በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይዘኸው ውጣ እንጂ በኪስህ አታምጣው። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ዶሮዎቹን ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክላቸው፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው በሚጨርሱት ውሃ በጥብጠው። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ እናታችን ያሉት የዝናብ ውሃ ለዚህ ይሆናል። የግድ የቧንቧ ከሆነ በሊትር ሁለት ግራም ያህል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት አስቀድመህ ጨምርበት። የፕላስቲክ ማጠጫ ተጠቀም፣ የዛገ ቆርቆሮ አይሁን። ሙቀት የሚችለውና በዓይን የሚንጠባጠበው ዓይነት ከተገኘ ለጥቂት ዶሮ ያ ይሻላል፤ ለእያንዳንዷ አንድ ጠብታ፣ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ከ9 ዶሮ በላይ ስለሆነ ከጎረቤቶችህ ጋር ቀን ቆርጣችሁ አብራችሁ ከትቡ። ያንተ ብቻ ተከትቦ የጎረቤቱ ካልተከተበ በሽታው አጥር አያግደውም።

ቀሪዎቹ 9ኙ ታመው ያገገሙ ከሆነ ለጊዜው ቫይረሱን ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ አዲስ ዶሮ በላያቸው አትጨምር። የሞቱትን ኖራ ነስንሰህ ጠልቀህ ቅበር እንጂ ውጪ አትጣል። ቤቱን ጠርገህ፣ አጥበህ፣ ኖራ ቀብተህ ቢያንስ አንድ ወር አስተንፍሰው፤ 9ኙን እስከዚያ ሌላ ቦታ አኑራቸው።

በአንድ ነገር ግን ከእናታችን እለያለሁ። አምስት ሰው ላለበት ቤት እንቁላል ከሆነ የተፈለገው የተሻሻለ ዝርያ ይሻላል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት 50 ወይም 60 ነው የምትጥለው፤ የተሻሻሉት እንቁላል ጣዮች በጥሩ አያያዝ ከ250 ያልፋሉ። እርግጥ ነው መኖ ይፈልጋሉ፤ አንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች፣ ስድስት ብታደርግ በወር 22 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ያን አስልተህ ግባ።


የጓሮ እናት (ሐዋሳ፣ ዳቶ)

ልጄ ከአዳማ፣ የክትባቱን ነገር እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ተባረክ። በዝርያው ግን አልስማማም። የተሻሻለችዋ እንቁላል ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም። እሷ ስታረጅ እንደገና ወደ ሻጭ ነው የምትሄደው። የኔዋ ሐበሻ 12 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀኗ ዘጠኝ አሥር ጫጩት ይዛ ትወጣለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብም በክንፏ ትሰበስባለች። በየሰባት ቀኑ ማታ በስልክ መብራት እንቁላሉን አያለሁ፤ ደም ሥር ያልታየበትን ቀድሜ አወጣዋለሁ። ከሰው ደጅ ዶሮ ሳልገዛ ነው የኖርኩት። ሁለቱን ቀላቅሎ ማርባትም ይቻላል፤ ለእንቁላል አራት የተሻሻሉ፣ ለመታቀፍ ሁለት ሐበሻ።


የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ዶሮውን እናንተ ጨርሳችሁታል፤ እኔ ስለ ውሃው ነው የምናገረው፣ ልጆች ስላሉ።

ጎረቤትህ እውነቱን ነው። እኔ ያደግኩት ወንጂ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣሁ። ጥርሴ ቡናማ ነው፤ እኩዮቼም እንዲሁ። በፎቶ ስንነሳ ከንፈራችንን ገጥመን ነበር የምንቆመው፣ እስከ ዛሬም ልማዱ አለቀቀኝም። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዳማ እስከ ሐዋሳና ከዚያም ወዲያ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ጥርስን የሚያበልዘው ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው፤ ስለዚህ የ3 ዓመቷ ልጅህ ዕድሜዋ ዋናው ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንም ይጎዳል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ እንዲያውም ይጨምራል። ተራ የሸክላ ማጣሪያም አይዘውም። በተቃጠለ አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ እሱም ሲያረጅ ይቀየራል። የጣራ ዝናብ ውሃ ግን ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከሮቶው ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ እሱን ለጀርም ብላችሁ አፍሉት። የጎረቤቱን ጉድጓድ ለጎመኑ አድርጉት።


አዲስ ጎጆ (ሐዋሳ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። የጉድጓዱን ውሃ አንዳንድ ቀን ቧንቧ ሲጠፋ ለሻይ እያፈላን እንጠቀምበት ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። አሸንዳ የሚሠራ ሰው መጥቶ ለካ፤ የቤቱ ጀርባ ቁልቁለት ስለሆነ ሮቶው እዚያ ቢቀመጥ ያለ ፓምፕ ጓሮው ድረስ ይወርዳል አለን። ዶሮ ቤቱን ዛሬ ከልጄ ጋር ኖራ ቀባን። ከግድግዳው ይልቅ እሱ ነው ኖራ የተቀባው።

እማማ፣ ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ እንሰቱን አልመለሱልኝም፤ አማቴ በየማታው ይጠይቁኛል። ሁለተኛ፣ ከገጠር ዘመዶቻችን በየዓመቱ አንድ ኩንታል በቆሎ ይልኩልናል፣ መጋቢት ሳይደርስ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። ለዶሮ መኖ እንዲሆን ማቆየት እፈልግ ነበር።


የጓሮ እናት (ሐዋሳ፣ ዳቶ)

አማትህን በኔ ስም ሰላም በልልኝ፤ ልክ ናቸው። ሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጦ እንሰት አለመትከል ምን ይባላል? እኔ የተማርኩት ከባለቤቴ እናት ነው። «ወሴ (እንሰት) ካለ ረሃብ ከበር አያልፍም» ይሉ ነበር።

200 ካሬ ላይ ስምንት እግር ይበቃሃል፣ በኋላኛው አጥር ጥግ ጥጉን፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሜትር ተው። ግን ሁሉንም በአንድ ዓመት አትትከል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እንሰት ለቆጮ ለመድረስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ዘንድሮ ሁለት፣ በሚመጣው ዓመት ሁለት፣ እንዲያ እያልክ ብትሄድ ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የሚፋቅ ይኖርሃል። እስከዚያም ሥራ አይፈታም፤ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ፣ ለብስባሹ መሸፈኛ፣ ጥላው ለጎመኑ በጥር ፀሐይ።

ፋቂውን ስትጠራ ተጠንቀቅ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ቀጥሬ ቅጠል እንዲቆርጥልኝ አደረግኩ። ከሌላ ጓሮ ሲሠራበት በዋለው ገጀራ ነው የቆረጠው። በወሩ የመሃሉ ቅጠል ጠወለገ፣ ግንዱን ስቆርጠው ቢጫ የሚመስል ፈሳሽ ያዥ ነበር። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። አራት እግር፣ ሁለቱ ለመፋቅ አንድ ክረምት የቀራቸው፣ ነቅዬ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩ፤ ያን ቀን እንደ ሰው ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ወዲህ ከኔ አጥር የሚገባ ቢላም ገጀራም እሳት ላይ ሳይሞቅ እንሰት አይነካም። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

መጋቢት አካባቢ አንድ የሦስት ዓመቱን ቆርጬ ኮረቱን፣ ከመሬት ውስጥ ያለውን ወፍራም ሥሩን፣ ለአራት ሰንጥቄ፣ የመሃሉን ቡቃያ ጠርቤ አውጥቼ እቀብረዋለሁ። ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ዙሪያውን ሕፃናት ችግኞች ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ከአንዱ ቁራጭ ብቻ አሥር አሥራ አምስት። ያንተዎቹ ከዚያ ይሆናሉ፤ አትግዛ።

በቆሎው የሚነቅዘው እርጥብ ሆኖ ስለሚገባ ነው። በጥርስህ ነክሰህ ደርቋል አትበል፣ እኔም በጥርስ እያየሁ ሁለት ዓመት ተታልያለሁ። ደረቅ ጠርሙስ ውሰድ፣ ሰፊ አፍ ያለው። ጨው ምጣድ ላይ አሙቀህ አድርቀህ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምር፣ በላዩ በቆሎ እስከ ሲሶው ሙላ። ክዳኑን ግጠምና ደህና አድርገህ ነቅንቀው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጠው። ጨዉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና ነው፣ ሸራ ላይ አስጥተህ ደግመህ ሞክር። ጨዉ ንጹሕ ሆኖ ወደ ታች ከወረደ ደርቋል። ከዚያ ሁለት ፕላስቲክ ከውስጥ ያለው ፒክስ ከረጢት ውስጥ አስገባው። አየሩን እየጨመቅህ አውጣና የውስጡን ፕላስቲክ ጠምዝዘህ፣ አጥፈህ እሰረው፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ የውጪውን ጆንያ። ነቀዙ ውስጡ ቢኖርም አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አትጨምርበትም። ከእንጨት ላይ አስቀምጠው፣ ከግድግዳ አርቀው፣ አይጥ ፕላስቲኩን ከበሳው ዋጋ የለውም። በየቀኑ የምትፈልገውን በትንሽ ዕቃ ቀንሰህ አውጣ እንጂ ትልቁን በየጊዜው አትክፈተው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ነኝ። የጎመን ዘሩንና አንድ ጆንያ ብስባሽ እሰጥሃለሁ፤ ጆንያውን ግን ይዘህ ና፣ እኔ ጋ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ልጅህንም አምጣው፤ ሐበሻዋ ከታቀፈች 17 ቀኗ ነው፣ እሁድ 20 ይሆናታል። በጸጥታ ከቆመ ጫጩቶቹ ቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው ሲጮሁ ይሰማቸዋል።